ሰዓቱ ሁልጊዜ ሩብ ጉዳይ ላይ ይቆማል፤ ነገ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ!

ጠያቂዋ፦ እባካችሁ ቶሎ! የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ገጹ ክብ ኮምፔንሳቶ፣ ቀኙ ቢጫ (ቀን)፣ ግራው ደማቅ ሰማያዊ (ሌሊት)፣ ቁጥሮቹ በግዕዝ ከ፩ እስከ ፲፪። ቆጣሪዎቹ ላይ ዶቃ ለጥፌአለሁ። የደቂቃው ሩብ ጉዳይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። በእጄ ካሳለፍኩት ይሄድና በሚቀጥለው ሰዓት እዚያው። ማሽኑ አዲስ ነው።

ዳዶ፦ ድንጋዩን ቀይሪው።

ፀጉረ_ልውጥ፦ ሁሌ ሩብ ጉዳይ የሚል ሰዓት ከሆነ ለእኔ ሽጪልኝ፤ ቀጠሮ አላረፍድም።

ትራፓኖ፦ ዶቃው ነው። ቆጣሪው ከ፲፪ ወደ ፮ ሲወርድ ክብደቱ ማሽኑን ያግዛል፤ ከ፮ ወደ ላይ ሲወጣ ማሽኑ ይሸከመዋል። ፱ ላይ አግድም ስለሚተኛ ሸክሙ እዚያ ይበረታል። ቆጣሪውን አውጪና ቀዳዳውን በቀጭን ሚስማር ላይ አንጠልጥዪው። ጫፉ ወደ ታች ከወደቀ፣ ከቀዳዳው ወዲያ ባለው አጭር ጭራ ጀርባ ላይ ትንሽ ሽቦ ለጥፊ፤ የትም ብታቆሚው ባለበት እስኪቀር ድረስ። ጭራ ከሌለው የጫፉን ዶቃዎች ንቀዪ። ጫፍ ላይ ያለች አንዲት ዶቃ መሃል ካሉት ብዙዎቹ ትብሳለች።

የቀለም_ሰው፦ ስለ ቀለሙም ልናገር። ቆጣሪው በቢጫውም በሰማያዊውም ላይ ስለሚያልፍ በሁለቱም መለየት አለበት፤ ነጭ ቢጫው ላይ ይጠፋል፣ ጥቁር ሰማያዊው ላይ ይሰጥማል። ነጭ ቀብተሽ ጠርዙን በጥቁር ክበቢው። የግዕዝ ቁጥሮች የላይና የታች መስመራቸው ከቀጠነ ከሩቅ አይታይም፤ ወፈር አድርጊው። ቀለሙንም ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ እየቀባሽ አድርቂ፤ በአንድ ጊዜ ወፍሮ ከተቀባ መሃሉ ይነሳና የሰዓቱን ቆጣሪ ይነካል።

ነገረኛው፦ እህቴ፣ ሐሳቡ ራሱ ተሳስቷል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ 12፣ ሌሊቱም 12 ሰዓት ነው፤ የሰዓቱ ቆጣሪ ቀን አንድ ሙሉ ዙር፣ ሌሊት ሌላ ሙሉ ዙር ይዞራል። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ እያቃጠለች፣ ያንቺ ቆጣሪ «ሌሊት» ላይ ነው! ቀንና ሌሊት በቀለም እንዲለዩ ከፈለግሽ በቀን አንዴ የሚዞር የ24 ሰዓት ማሽን ያስፈልጋል። ያኔ በየ15 ዲግሪው ምልክት፣ ከ፩ እስከ ፲፪ ሁለት ጊዜ፤ የደቂቃው ክፍፍል ግን 60 እንደሆነ ይቀራል።

ጠያቂዋ፦ ደንበኛዬ እንዲህ ነው ያዘዘችው፤ አሁን 24 ከየት ላምጣ?

ነገረኛው፦ እንግዲያው «ቀን» እና «ሌሊት» አትበዪው፤ ቢጫና ሰማያዊ በዪው።

ዳዶ፦ ድንጋዩን ቀየርሽው? ቻርጅ የሚደረገው 1.2 ቮልት ነው። ባለ 1.5 አልካላይን አድርጊ።

ትራፓኖ፦ የቆጣሪው ርዝመት ስንት ነው? ከ15 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ተራ ማሽን ላይችለው ይችላል፤ ጉልበት ያለው ማሽን አለ።

ብሎን፦ ሌላም አለ። የ፱ ቁጥር ቀለም ወፍሮ ዶቃው ቢነካውም እዚያው ይቆማል። ሰዓቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ ጠረጴዛ ላይ አስተኚው። ሩብ ጉዳይን ካለፈ ችግሩ ክብደት ነው፤ እንደቆመ ከቀረ ግን የሚነካው ነገር አለ፤ ቁጥሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው። የመሃሉን ዳዶም አይተሽ አላልተሽ እሰሪው፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ማሽኑን ይጫናል።

ጠያቂዋ፦ አስተኝቼዋለሁ። አሁን 8፡20 ይላል፤ ሩብ ጉዳይ ሊሆን 25 ደቂቃ ይቀረዋል።

ፀጉረ_ልውጥ፦ እኛም ጠረጴዛው ዙሪያ ነን።

ብሎን፦ 8፡50 ሆነ። አለፈ?

ትራፓኖ፦ ርዝመቱንም አልነገርሽንም።