ጥቆማ፦ ለሽጉጥና ለአደን ጠመንጃ፣ የአልትራሶኒክ ማሽን ልግዛ ወይስ ላስጸዳ?

ጥያቄ፦ ሰሜን ቨርጂኒያ ነኝ። አንድ ሽጉጥና አንድ የአጋዘን ማደኛ ጠመንጃ አለኝ። ሙቀቱ ሲመጣ ቤዝመንቱ ስለሚረጥብ አፈሙዙ አካባቢ ቡናማ ነጠብጣብ ታየኝ። በአልትራሶኒክ (ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ ዕቃን ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ በሚያጥብ ማሽን) የምታጸዱ ካላችሁ የቱን ትመክራላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሁለት መሣሪያ ብለህ ማሽን አትግዛ። ማሽኑ የባሩድ ጥላሸትና የደረቀ ቅባት ያወጣል፤ ያንተ ችግር ግን ዝገት ነው። ፈሳሹ ውስጥ የሚፈነዱት ጥቃቅን አረፋዎች ቆሻሻውን ሲያራግፉ ብረቱን የሚጠብቀውን ዘይትም ጠርገው ነው የሚወስዱት። እርጥብ እንዳለ ከተውከው በሰዓታት ውስጥ ይዝጋል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከገንዳው ከወጣ በኋላ ያለው ነው፦ በሙቅ ውሃ ማለቅለቅ፣ በተጨመቀ አየር መንፋት (በተለይ ጥይቱን የሚመታው መርፌ የሚገባበትን ጉድጓድ፣ ውሃ የሚደበቀው እዚያ ነው)፣ ወዲያው ዘይት መቀባት።

ብዙ የመሣሪያ ሱቆችና በጣሪያ ሥር ያሉ የተኩስ መለማመጃዎች ይህን በክፍያ ይሠራሉ። ሙሉ በሙሉ ፈታችሁ ነው የምታጥቡት? ስትጨርሱ ምን ዘይት ትቀባላችሁ? ብለህ ጠይቅ። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚንተባተብ ከሆነ ሌላ ጋ ሂድ።

የግድ ልግዛ ካልክ፣ ሀርበር ፍሬት የተባለው ሱቅ ያለው 2.5 ሊትሩ ለሽጉጥ ስላይድ (ላዩ ላይ ለሚንሸራተተው ክፍል) እና ለጥቃቅን ዕቃ ይበቃል፤ የጠመንጃ አፈሙዝ ግን አይገባበትም። ሆርናዲና ላይማን የተባሉት ኩባንያዎች ለመሣሪያ ብለው የሠሩት አላቸው። መጀመሪያ ካዝናውን (የጥይት መያዣውን) አውጥተህ፣ ውስጡ ጥይት እንደሌለ አይተህ ፍታው። የእንጨት ሰደፍ፣ መነጽርና በጨለማ የሚያበራ ማነጣጠሪያ ገንዳ ውስጥ አይገቡም። ቤንዚን ደግሞ በጭራሽ፣ እሳት ነው።

ዘይትን በተመለከተ፦ ደብሊውዲ-40 ውሃ ያስወጣል፣ ግን ስስ ስለሆነ ብዙ አይቆይም። በላዩ ብሬክ ፍሪ ሲኤልፒ (የሚያጸዳ፣ የሚያለሰልስና ከዝገት የሚጠብቅ ዘይት) ቀባበት። ነጠብጣቡን ዘይት በነካ፣ ቁጥሩ 0000 በሆነ የብረት ሱፍ ቀስ ብለህ እሸው፤ ከጫንከው ጥቁሩን ቀለም ይዞት ይሄዳል።

ሌላ መልስ፦ በሲኤልፒው እስማማለሁ፤ እኔ ግን ባሊስቶል የተባለውን ዘይት አስቀድማለሁ። ከ1904 ጀምሮ ጀርመን የሚሠራ ነው፣ ሰደፉንም ቆዳውንም አይጎዳም። ሽታው ግን ባለቤቴን አስመርሯታል፣ ጋራዥ ውስጥ ብትቀባ ይሻላል። መሣሪያውን በቆዳ ማህደር ውስጥ አታስቀምጥ፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ሴፍህ ውስጥ ጎልደንሮድ (አየሩን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ዘንግ) ወይም እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል አድርግና የእርጥበት መለኪያ ገዝተህ ከ50 በመቶ በታች አቆየው።

የመጀመሪያው መላሽ፦ አንድ ነገር ረስቼ፣ ያ የታጠበበት ፈሳሽ መርዛማው ብረት እርሳስ አለበት። ሲንክ ውስጥ አትድፋው፣ በዚያው ገንዳም የባለቤትህን ወርቅ አትጠብበት። ፌርፋክስ ካውንቲ ከሆንክ በአይ-66 እና አይ-95 አውራ ጎዳናዎች ስም የሚጠሩት የቆሻሻ ጣቢያዎች የቤት ውስጥ አደገኛ ቆሻሻ ይቀበላሉ፤ ከመሄድህ በፊት ሰዓታቸውን እይ።