ስም የማይመዘገብበት ቁም ሣጥን፦ የእድራችን የዕቅድ ውይይት

ከጸሐፊ
ጤና ይስጥልኝ አባላት። እሑድ በተስማማነው መሠረት፣ እዚሁ ቦሌ አራብሳ ለሚማሩት ልጆች የምናቀርበውን ዕቅድ ተነጋግረን እንጨርስ። የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ «እድሩ መስከረም ላይ ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ ገዝቶ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ያድላል።» ሐሳባችሁን ጻፉ። ጳጉሜን ሳይገባ ለወተመህ (ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) መስጠት አለብን።

ከብሎክ 22፣ መምህርት
ረቂቁን ላዘጋጃችሁት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ደብተሩ ላይ ግን ልከራከር። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ አስተዳደሩ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ያቀርባል። ምገባውም አለ፤ ትንንሾቹ ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ። ቀዳዳው ሌላ ቦታ ነው።

ባለፈው ግንቦት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ አልቆ ተማሪው ሁሉ ወጣ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን ከወንበሯ አልነሣ አለች። «ምነው?» አልኳት። «እየጻፍኩ ነው ቲቸር» አለችኝ። ሰሌዳው ተጠርጓል። ያኔ ገባኝ። ሹራቤን አውልቄ ሰጠኋት፤ ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። በማግስቱ ቀረች። በሦስተኛው ቀን ሹራቤን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ በፌስታል አመጣችልኝ። ቤታቸው ሳሙና እንደማይገባ የሰማሁት ቆይቼ ነው። በምን እንዳጠበችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለዚህች ልጅ ቦርሳ ምን ይሠራላታል? የሚያስፈልጋት ሞዴስ፣ ሳሙናና ፓንት ነው። ይሄን ደግሞ ሜዳ ላይ ተሰልፎ የሚቀበል ልጅ የለም።

ከገንዘብ ያዥ
እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ደንቡ ነው። የእድሩ ገንዘብ ለቀብርና ለሐዘንተኛ ነው። ነገ ሰው ሲሞትብን ካዝናው ጎድሎ ብናገኘው ዓይን ለዓይን መተያየት ያቅተናል። ሌላ መንገድ ግን አለ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ አባል ላልሆነ ሰው ሲከራይ የሚገባው ገንዘብ። እሱን ለብቻው በሌላ ደብተር ልይዘው እችላለሁ። ጥር ላይ በሠርጉ ደህና ይገባል። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሠርግ የለም፣ ይደርቃል። ልጆቹ በሁዳዴም ይማራሉና ፈቃደኛ የሆነ አባል በወር 20 ብር ቢጨምር ክፍተቱ ይደፈናል።

ከብሎክ 9፣ ነርስ
እኔም ከመምህርቷ ጋር ነኝ። ሞዴስ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ መቀየር አለበት። ስለዚህ ለአንዲት ልጅ በወር አንድ ፓኬት አይበቃም፣ ሁለት እንያዝ። ታጥቦ የሚደገመውንም አስቡበት። መቀሌ ላይ ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱ «ማርያም ሳባ» ብለው የሚያመርቱት አለ። በዚህ ሥራቸው በፈረንጆቹ 2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟቸዋል። አንድ ጊዜ ተገዝቶ ዓመት ያልፋል፤ ለኪሳችን የሚሻለው እሱ ነው።

ከብሎክ 31፣ እናት
ነርሷ ልጄ፣ ተባረኪ። ግን ውሃውን አትርሺብን። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ማታ ነው፣ እኛ ጋ እስኪደርስ ይሄዳል። በጀሪካን ተሸክመን የምናወጣውን ለምግብና ለመጠጥ እናብቃቃዋለን። ልጅቷ ሞዴሱን አጥባ፣ አለቅልቃ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት አለባት። የት ታስጣው? ወንድሞቿ ባሉበት አንድ ክፍል ቤት? የሚታጠበውን ውሃ ያላቸው ይውሰዱ፤ ለሌሎቹ የሚጣለው ይሁን። ለትምህርት ቤቱም ሽንት ቤት ጋ አንድ ሮቶ ይግባ። ውሃ ከሌለ ሳሙናውም ከንቱ ነው።

ከእድሩ ዳኛ
ሁላችሁንም አነበብኩ። በሜዳው ይታደል ያልኩት እኔ ነበርኩ። አባል ገንዘቡ የት እንደደረሰ በዓይኑ እንዲያይ ብዬ ነው። ፎቶም ይነሣ ብዬ ነበር። ይህ ቢቀር አባሉ ምን ይላል?

ከብሎክ 14፣ ወጣት አባል
ጋሼ፣ በትሕትና ልናገር። እኔ 7ኛ ክፍል እያለሁ ጫማ ተሰጥቶኝ ፎቶ ተነሥቻለሁ። ሰጪዎቹ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም አመሰግናቸዋለሁ። ጫማው ጠበበኝ፣ ለታናሼ ሰጠሁት፤ እኔ ወደ ኮንጎዬ ተመለስኩ። ፎቶው ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እስከ ሰኔ ተለጥፎ ቆየ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ነበር። አባል ማየት ያለበት ደረሰኙን ነው፣ ልጁን አይደለም።

ለወንዶቹም አንድ ነገር ልጨምር። የብዙዎቹ ችግር ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ነው። በራችን ላይ ያለው ጫማ ሰፊ ይሠራዋል። የስም ጠሪ መምህራቸው በግል ካርድ ይስጣቸው፤ ሰፊውን እኛ በወሩ መጨረሻ እንከፍለዋለን።

ከእድሩ ዳኛ
ልጄ፣ ልክ ነህ። የሰው ፊት እሳት ነው፣ እኛ የድሮዎቹ ይህን ማወቅ ነበረብን። ሜዳውም ፎቶውም ይሰረዝ። ደረሰኙ በወር አንዴ ስብሰባ ላይ ይነበብ።

ከብሎክ 22፣ መምህርት
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ሴቶች ሽንት ቤት መግቢያ ላይ ቁም ሣጥን ይቀመጥ። ሞዴስ፣ ሳሙና፣ በየቁጥሩ ፓንት። በትምህርት ሰዓት አይቆለፍ። የፈለገች ከፍታ ትወስዳለች። ክዳን ያለው ቆሻሻ መጣያም አጠገቡ ይኑር፤ አለበለዚያ ሽንት ቤቱ በሁለት ሳምንት ይደፈናል።

ከገንዘብ ያዥ
ሳይቆለፍ? አንዷ ሁሉንም አፍሳ ብትወስደውስ?

ከብሎክ 31፣ እናት
ብትወስድ ለእናቷና ለእህቷ ነው። እነሱም የላቸው። በሁለት ወር አይተን እናስተካክላለን፤ ከመጀመሪያው ግን ልጆቹን በሌብነት አንጠርጥር።

ከገንዘብ ያዥ
እሺ፣ ተስማምቻለሁ። ሁለቱን ወር ከኪራዩ እሸፍናለሁ።

ከጸሐፊ
የተስተካከለው ረቂቅ ይኸው፦

«እድሩ ከድንኳንና ከዕቃ ኪራይ በሚያገኘው ገቢና በአባላት የፈቃድ መዋጮ፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ በየወሩ የንጽሕና መጠበቂያና ሳሙና ለትምህርት ቤቱ ያቀርባል። ዕቃው በማይቆለፍ ቁም ሣጥን ይቀመጣል። የሚወስድ ተማሪ ስሙ አይመዘገብም፣ ፎቶ አይነሣም። የሚታጠበው ሞዴስ ለፈለጉ ብቻ ይሰጣል። የተቀደደ ጫማ በካርድ ይሰፋል። እድሩ አንድ ሮቶ ይገዛል፤ ውሃ የማስሞላቱን ኃላፊነት ወተመህ እንዲወስድ እንጠይቃለን።»

ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ማታ ይጻፍ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት መርካቶ በጅምላ ዋጋ ለማጠያየቅ እንሄዳለን፤ መምህርቷና ነርሷ አብረውኝ ናቸው። ቁም ሣጥን ያለው አባል ካለ ይንገረን፤ አሮጌም ቢሆን ቀለም እንቀባዋለን።

ከብሎክ 14፣ ወጣት አባል
እኛ ቤት አንድ የብረት አለ። መዝጊያው ሲከፈት ይጮሃል፤ ዘይት አደርግበታለሁ፣ ልጆቹ ሲከፍቱት ድምፅ እንዳይሰማ።