ኤስ ኮምባት 7፦ ወደ ግራ ስለው የሚገለበጥ አውሮፕላን

ጥያቄ (ፊፋ የሰለቸው)
የጎንደር የጌም ልጆች፣ እስኪ እርዱኝ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጌም ቤት በፕሌይስቴሽን 4 ኤስ ኮምባት 7 የሚባለውን የተዋጊ አውሮፕላን ጌም ጀምሬ ይኸው ሦስት ቀኔ፣ ሁለተኛውን ሚሽን ማለፍ አቃተኝ። አናሎጉን (በአውራ ጣት የሚገፋውን የጆይስቲክ ዱላ) ወደ ግራ ስገፋው አውሮፕላኑ ወደ ግራ በመዞር ፈንታ በጎኑ ይተኛል። ትንሽ ካቆየሁት ይገለበጥና ሰማይና ምድሩ ይምታታብኛል፤ ከዚያ ቀጥ ብዬ መሬት! ሚሳኤሉም ሌላ ጉድ ነው፤ ጠላት ላይ ያለው ሳጥን ቀልቶ፣ ሎክ አድርጎ (ዒላማውን ይዞ) እተኩሳለሁ፣ ጠላት ምንም ሳይመስለው ይሄዳል። ባለቤቱን "ጆይስቲኩ ተበላሽቷል" ስለው ሳቀብኝ። ሂሳቡ ደግሞ በሰዓት ነው፤ ተገልብጬም ይቆጥራል።

መልስ (የማራኪው)
መጀመሪያ ጆይስቲኩን ፈትነው። ከፍ ብለህ እየበረርክ ኤል ዋንና አር ዋን የሚባሉትን የጆይስቲኩን ቁልፎች አብረህ ያዛቸው፤ አውሮፕላኑ ራሱ ይስተካከላል። ከዚያ እጅህን ከአናሎጉ ላይ አንሳ። ማንም ሳይነካው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ አናሎጉ ተበልቷል፣ ሌላ አስቀይር። ቀጥ ብሎ ከሄደ ግን ጥፋቱ የጆይስቲኩ አይደለም።

መልስ (ቆቅ)
ምን ፈተና ያስፈልገዋል፣ ከአንተ በፊት የተጫወተው ልጅ ኤክስፐርት የሚባለው ኮንትሮል ላይ ትቶልህ ሄዶ ነው። ኦፕሽን ግባና የኮንትሮሉን ዓይነት ስታንዳርድ አድርገው። ግራ ስትለው ግራ ይዞራል፣ አለቀ። በሰዓት እየከፈሉ ፓይለትነት አይማሩም።

መልስ (የአዘዞዋ)
ቆቅ ምክንያቱን አግኝተኸዋል፣ መፍትሔህ ላይ ግን አልስማማም። እኔ ራሴ ጌም ቤት አለኝ፤ በስታንዳርድ የጀመረ ልጅ ጠላት ከኋላው ሲመጣበት ማምለጫ ያጣል፣ አውሮፕላኑ እንደልብ አይንከባለልለትም።

ወንድሜ፣ ጭላት ሥጋ ቤት በላይ ስትዞር አይተህ ታውቃለህ? አንዱን ክንፏን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ አድርጋ ነው የምትዞረው። እኛ ጋ አዘዞ ሊያርፍ የሚመጣውም አውሮፕላን እንደዚያው ነው። ኤክስፐርት የሚጠይቅህ ይህንኑ ነው፦ አናሎጉን ወደ ግራ ነካ አድርገህ ክንፉን አጋድል፣ ልቀቀው፣ ከዚያ ወደ ራስህ ሳበው። የሚያዞርህ መሳቡ ነው። አንተ ወደ ግራ ገፍተህ ሳትለቅ ስለምትጠብቅ ነው የምትገለበጠው። ሰማይና ምድር ሲምታታብህ የማራኪው ያለህን ኤል ዋንና አር ዋን ያዝ። ደንበኞቼን የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ምንም ሳይተኩሱ ግራ ቀኝ እንዲዞሩ ብቻ ነው የማደርጋቸው፤ ያኮርፋሉ፣ ኋላ ይመርቁኛል።

መልስ (ጡረተኛው ተጫዋች)
ሚሳኤሉን እኔ ልንገርህ። ሳጥኑ ቀላ ማለት መታህ ማለት አይደለም። ፊት ለፊት ሲመጣብህ ወይም በጎን ሲያቋርጥህ ከተኮስክ ሚሳኤሉ መታጠፍ አይችልም፣ ያልፈዋል። ኋላው ግባ፣ ተጠጋ፣ መዞሩን ጨርሶ ቀና ሲል ክቧን ቁልፍ ተጫን። ሁለቱን ሚሳኤል አከታትለህ አትልቀቅ፤ ሁለቱም ከሄዱ እስኪሞላ ባዶ እጅህን ነህ። ከእይታህ ሲጠፋ ትሪያንግሉን ተጭነህ ያዝ፣ ካሜራው ይከተለዋል። ጠበብ አድርገህ ለመዞር ደግሞ አናሎጉን እንደሳብክ ፍሬኑንና ነዳጁን፣ ማለትም ኤል ቱንና አር ቱን፣ አብረህ ያዝ። ብዙ ካቆየኸው ግን ፍጥነቱ ያልቅና አፍንጫው ይወድቃል።

ሚሳኤል አትሰስት። እውነተኛው ኤፍ-16 ተዋጊ ጄት ክንፉ ሥር ጥቂት ነው የሚይዘው፣ የዚህ ጌም ግን በደርዘን የሚቆጠር ጭኖ ነው የሚነሳው። በነገራችን ላይ የጌሙ ኩባንያ ባንዳይ ናምኮ ይህን ጌም ለፕሌይስቴሽን 4 በአሜሪካና በአውሮፓ ያወጣው ጥር 10 ቀን 2011 ነው፣ የከተራ ዕለት። እኛ ታቦት ስንሸኝ እነሱ ሰማይ ላይ ነበሩ።

ፊፋ የሰለቸው
ተባረኩ! ጆይስቲኩ ደህና ነው፣ ኤክስፐርት ላይ ነበር። ቆቅ አትቀየመኝ፣ የእህቴን ምክር ያዝኩ። ግማሽ ሰዓቴን በባዶ ሰማይ ስዞር አጠፋሁ፣ ከኋላ የቆሙት "ይሄ ልጅ ጎብኚ ነው እንዴ?" እያሉ ሳቁብኝ። ሁለተኛውን ሚሽን ግን አለፍኩ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ከሚሳኤል ለማምለጥ ደመና ውስጥ ስደበቅ መስታወቱ በረዶ ይሠራና አውሮፕላኑ አልታዘዝ ይለኛል። ይሄስ ሴቲንግ ነው?

የአዘዞዋ
አይ፣ እሱ የጌሙ ሥራ ነው። ደመናው ሚሳኤሉን ያደናግርልሃል፣ ከቆየህ ግን አንተንም ያቀዘቅዝሃል። ገባ ብለህ ውጣ፤ በረዶው ይለቃል።

ቆቅ
አልተቀየምኩም። ስታንዳርድ ላይ ሆኜ ስድስተኛው ሚሽን ላይ ነኝ፣ ነጥብ የሚቆጥረው። ሰዓቱ አልበቃ ብሎኝ ሁለት ቀኔ።

የአዘዞዋ
ና አዘዞ፣ አሥሩን ደቂቃ በነፃ።