የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር እንዴት ትማራላችሁ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «እማዬ፣ እኛም ባሪያ ነበርን?» አለችኝ። አባቷ «እኛ ቅኝ አልተገዛንም፣ ያ የእነሱ ታሪክ ነው» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። ልጅቷ እዚሁ ነው የተወለደችው፣ ውጪ ስትወጣ ማንም ነጥሎ አያያትም። እናንተ ቤት ምን ታደርጋላችሁ?

የሦስት ልጆች አባት፣ ከዲሲ፦
እህቴ፣ ባለቤትሽን ለመንካት አይደለም። ግን «የእነሱ» የምንለው ታሪክ እኮ ነው በሩን የከፈተልን። እስከ 1965 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የአሜሪካ ኢሚግሬሽን የሚሠራው በኮታ ነበር። ኮታው ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ ሰው ያደላ ነበር። ይህ አሠራር የተሻረው የጥቁሮች የምርጫ መብት ሕግ በወጣበት በዚያው ዓመት ነው። እንዲያው የተገጣጠመ አይደለም። በዘር ማዳላት በሕግ ነውር እንዲሆን ያደረጉት በአላባማዋ በርሚንግሃም ለመብታቸው ሰልፍ ወጥተው ፖሊስ ውሻ የለቀቀባቸው፣ በእሳት አደጋ ቧንቧ የተመቱት ሰዎች ናቸው። በ1963 አደባባይ ከወጡት ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ለልጆቼ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው። ወዲያው ዕድሜያቸውን ይጠይቃሉ።

የእኛ ቤት ሥርዓት ቀላል ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ሲፈላ አንድ ሰው እናነሳለን። ትልቋ ታነባለች፣ ትንሹ ጥያቄ ይጠይቃል፣ እኔና እናታቸው ደግሞ አብረን እንማራለን። እኛም አገር ቤት ይህን አልተማርንም እኮ! በጣም የወደዱት ከባርነት አምልጦ ባርነትን የታገለውን ፍሬድሪክ ዳግላስን ነው። ባሪያ ሆኖ ባልቲሞር ሲያድግ ማንበብ ተከለከለ። እሱ ታዲያ ለሰፈሩ ድሃ ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ፊደል እንዲያስቆጥሩት አደረገ። የተወለደበትን ቀን አያውቅም ነበር፣ ፌብሩዋሪ 14 ብሎ ራሱ መረጠ። የጥቁሮች ታሪክ ወር ፌብሩዋሪ ላይ የዋለውም በእሱና በፕሬዚዳንት ሊንከን ልደት ምክንያት ነው። ይህን በ1926 የአንድ ሳምንት መታሰቢያ አድርጎ የጀመረው ጥቁሩ የታሪክ ምሁር ካርተር ዉድሰን ነው፤ ወር የሆነው በ1976 ነው። ወላጆቹ ባሪያ የነበሩ፣ እሱም የከሰል ማዕድን ቆፍሮ ኋላ ሃርቫርድ ዶክትሬት የያዘ ሰው ነው። ቤቱ የት ይመስላችኋል? እዚሁ ዲሲ፣ ናይንዝ ስትሪት ላይ! ክትፎ ፍለጋ ከምንመላለስበት ዩ ስትሪት በእግር የሚደረስ ነው። ስንቶቻችን ነን ፓርኪንግ ስንፈልግ በበሩ ያለፍነው?

የእኛንም ክር አብራችሁ ንገሯቸው። ጣሊያን ሲወረን ጆን ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ከቺካጎ ድረስ መጥቶ ለንጉሡ በርሯል። ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ አብራሪዎች አሠለጠነ፣ በ1954 አዲስ አበባ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ዶክተር መላኩ በያን ደግሞ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ፣ በወረራው ጊዜ ጥቁር አሜሪካውያንን ለኢትዮጵያ ሲያስተባብር ኖሮ በ1940 አረፈ።

ለትልልቆቹ ብቻ፦ ሙሉጌታ ሥራው። በ1988 ፖርትላንድ ውስጥ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው የገደሉት ኢትዮጵያዊ ነው። ከየት እንደመጣ የጠየቀው አልነበረም።

አንድ አንባቢ፣ ከሚኒሶታ፦
ወንድሜ ጥሩ ብለሃል። ግን የልጅቷን ጥያቄ ዘለልከው። ኢትዮጵያ ውስጥም ባርነት ነበር። ሙሉ በሙሉ በአዋጅ የተከለከለው በ1942 ነው። አያቶቻችን በዓይናቸው ያዩት ነገር ማለት ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ባለቤት ነበር፣ አንዳንዱ ተሸጦ የመጣ ነው፣ ስድቡም እስከዛሬ አለ። አድዋን በኩራት እያወሩ ይህን መደበቅ አይሆንም። ልጆቹ ነገ በጉግል ያገኙታል፣ ያኔ አድዋንም አያምኑንም። እኔ ለልጄ «አዎ፣ ነበር፣ ስህተት ነበር» ብዬ ነገርኩት። ከዚያ የጠየቀኝን ግማሹን መመለስ አቅቶኝ አብረን ላይብረሪ ሄድን።

ጡረተኛዋ፣ ከአሌክሳንድሪያ፦
ልጆቼ፣ መጽሐፉም ጥሩ ነው፤ ግን ጎረቤቶቻችሁንም ቡና ጥሩ። እኔ ፎቅ ያሉትን የደቡብ ካሮላይና ሴትዮ ጠርቼ፣ የልጅ ልጆቼ ፊት ስለ ልጅነታቸው አወሩን። ነጮች የሚጠጡበት ውሃ ለብቻ ነበር፤ እሳቸው አይተውታል። ልጆቹ ስልካቸውን ያስቀመጡት ያን ቀን ነው። እሳቸውም ፈንዲሻውን ወደውታል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት፦
እናቴ፣ ወንድሞቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሚኒሶታውን መልስ ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ ዝም አለ፣ ከዚያ «ቅዳሜ የት ነው የምንሄደው?» አለ። ዲሲ ያለውን የጥቁሮች ታሪክ ሙዚየም አስበናል። ነፃ ነው፣ ግን ሰዓት ያለበት ትኬት በኢንተርኔት ቀድሞ መያዝ አለበት። ከትንንሽ ልጅ ጋር የሄደ ሰው ይንገረኝ፦ ከምድር በታች ካለው የባርነት ክፍል ነው ወይስ ላይ ካለው የሙዚቃና የስፖርት ክፍል የሚጀመረው?

የሦስት ልጆች አባት፣ ከዲሲ፦
ለእሷ ዕድሜ ከላይ ጀምሩ። ታችኛው ረጅም ነው፣ ከባድም ነው፤ በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ ነጮች የገደሉት የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ የኤሜት ቲል የሬሳ ሣጥን እዚያ አለ። እሱን ለሁለተኛ ጊዜ አቆዩት። ምሳ ደግሞ እዚያው ካፌው ውስጥ አለ፣ ወረፋው ግን ያስመርራል፤ ቀደም ብላችሁ ብሉ።