ትራይፖዴ ስቆልፈው 3 ሚሊ ይወርዳል፤ ምን ይሻላል?

ጥያቄ፦ የቡና ልጅ (ሐዋሳ)
ሰላም ቤተሰብ። የሲዳማ ቡና ፍሬ በማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገር ከቅርብ በሚያነሳው) አንድ በአንድ ፎቶ እያነሳሁ ነው፤ ደህናውንና ነቀዝ የበላውን ለይቶ ለማሳየት። ካሜራው ከፍሬው ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። የትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያውን) የመሃል ዘንግ በእጄ ስቤ ልኩ ላይ አደርሰዋለሁ። ማጥበቂያውን ሳጠብቅ ግን 3 ሚሊ ያህል ቁጭ ይላል። 3 ሚሊ ምን አላት እንዳትሉኝ፤ ፍሬው ራሱ 1 ሴንቲ ቢሞላ ነው! ትላንት ለአንድ ፎቶ 20 ደቂቃ ታገልኩ። ብዙ ብር የማያስወጣ መላ ያለው?

መልስ፦ ባለ ፎቶ ቤቱ
ማጥበቂያውን ሙሉ በሙሉ አትፍታው። ዘንጉ በግድ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ብቻ አላላው። 3 ሚሊ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ 3 ሚሊ አስበልጠህ ቆልፈው። የልብስ ሰፊ ሜትር ቆርጠህ ዘንጉ ላይ ለጥፍ፤ ከግምት ትገላገላለህ። ዘንጉ ጥርስ ኖሮት በእጅ መዘውር የሚወጣ ትራይፖድም አለ። አሪፍ ነው፣ ግን ኪስ ይጎዳል።

መልስ፦ ማስታወሻ
እኔ ከአንዱ እግር ስር ካርቶን እጨምራለሁ። ሦስቱ እግሮች እኩል ከተከፈቱ፣ አንዱን 3 ሚሊ ብታነሳው ካሜራው የሚነሳው 1 ሚሊ ገደማ ነው።

መልስ፦ ባለ ፎቶ ቤቱ
እሱስ ልክ ነው፤ ግን ካሜራው ያዘነብላል። ውሃ ልክ እያየህ ካሜራው የተቀመጠበትን የትራይፖድ ጭንቅላት ስታስተካክል ያገኘኸው ከፍታ እንደገና ይጠፋል።

መልስ፦ አናጢው
ካሜራውን ለምን ታንገላቱታላችሁ? ፍሬውን ከፍ አድርጉት!
ቀላሉ ወረቀት ነው። ተራ የፎቶኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ገደማ ነው፤ አሥሩ 1 ሚሊ። ከፍሬው ስር እየጨመርክ፣ እየቀነስክ።
የተሻለ ከፈለግህ ለፍሬው ትንሽ ጠረጴዛ ሥራ፤ ኮምፔንሳቶ ቁረጥና ሦስት ቦታ ብሳ። ቀዳዳዎቹ ላይ የ6 ሚሊ ዳዶ ለጥፍ፤ ብሎኖቹን ከላይ አስገባ፤ እግር ይሆኑልሃል። የተለመደው የ6 ሚሊ ብሎን አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 1 ሚሊ ይሄዳል። ሩብ ዙር፣ ሩብ ሚሊ። ሦስቱንም እኩል አዙር፤ አለዚያ ጠረጴዛህ ይዘማል።
አደራ ግን፣ ይህን ብሎን ካሜራው ስር እንዳትሞክረው። የካሜራው ቀዳዳ ሩብ ኢንች ነው፣ ማለትም 6.35 ሚሊ። የሚገባ ይመስልሃል፤ የሚበላው ጥርሱን ነው።

መልስ፦ የሐይቁ ልጅ
ሃሃ! እኔ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ ነው የማነሳው። እሱንም ኮምፔንሳቶ ላይ ላቁመው?

መልስ፦ አናጢው
ከአንድ ሜትር በላይ ለሚቆም ወፍ 3 ሚሊ ምኑ ነው? አንተ ዓሣውን ጠብቅ።

መልስ፦ የቡና ልጅ
ሠራሁት! መጀመሪያ ይበልጥ ይጸናል ብዬ አራት ብሎን አደረግሁበት፤ እንደ ድሮ ወንበር ተወላገደ። አንዱን አውጥቼ በሦስት አቆምኩት፤ ጸጥ አለ። ዘንጉን አንዴ ቆልፌ አልነካሁትም። የካሜራውንም ማንሻ በጣቴ መጫን ትቼ በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ነው የማነሳው። ዛሬ በአንድ ሰዓት 14 ፍሬ አነሳሁ። በነገራችን ላይ ሴት ነኝ።
አሁን የቀረኝ ፍሬው ነው። በጎኑ ላቁመው ስል ይንከባለላል።

መልስ፦ አናጢው
ይቅርታ እህቴ! በጠፍጣፋው በኩል አስተኚዋ።

መልስ፦ የቡና ልጅ
ነቀዙ የበሳው ቀዳዳ ያለው ጎኗ ላይ ነዋ።

መልስ፦ አናጢው
እንግዲያው ከስሯ አንድ ጠብታ የጧፍ ሰም።