«ሬሃኒ» በጉርናህ ልቦለድ፦ መያዣ ነው ወይስ ወለድ አገድ?

ጥያቄ፦
ሰላም የቃላት ወዳጆች። የዛንዚባር ተወላጁን ደራሲ የአብዱልረዛቅ ጉርናህን «ገነት» የተባለ ልቦለድ እያነበብኩ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን። ዩሱፍ የሚባለው ልጅ በስዋሂሊ «ሬሃኒ» ነው ይላል። መዝገበ ቃላት ባይ «መያዣ» አለኝ፤ ይበቃል? ደግሞ ልጁ ነጋዴውን «አጎቴ አዚዝ» ሲለው ሱቁ ውስጥ ያለው ኸሊል አጎትህ አይደለም፣ «ሰይድ» (ጌታዬ እንደማለት) በለው እያለ ይቆጣዋል። በአማርኛ «ጋሼ» ቢባል አይቀልም?

መልስ፦
እህቴ፣ «መያዣ» ስህተት አይደለም፣ ግን ይጎድለዋል። ቃሉ ከዓረብኛው «ረህን» የመጣ ነው፣ አስይዞ መበደር። እኛ መያዣ ስንል ዕቃው አበዳሪው ዘንድ ይቀመጣል፣ ብሩ ሲከፈል ይመለሳል፣ አለቀ። ዩሱፍ ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። አባቱ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ነጋዴው በባቡር ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወስደዋል፣ ሱቅ ውስጥ ያለ ደመወዝ ያሠራዋል፣ ኋላም ወደ መሀል አገር የሚወርደውን ቅፍለት ያስከትለዋል። ለዚህ የቀረበው ቃላችን ወለድ አገድ ነው። ባለዕዳው መሬቱን ለአበዳሪው ይለቃል፣ አበዳሪው እያረሰ ምርቱን በወለድ ፈንታ ይበላል፣ ዋናው ዕዳ ግን ንቅንቅ አይልም። የልጁ ጉልበት ያ ምርት ነው። እኔ ብተረጉመው «በወለድ አገድ የተያዘ ልጅ» እለዋለሁ፤ ረዘም ይላል፣ ግን እውነቱን ይዟል።

«ጋሼ»ን ግን በፍጹም! ጋሼ ለማንም ታላቅ ይባላል፣ ለጎረቤቱም ለባለሱቁም። «ጋሼ አዚዝ» ካልሽ ኸሊል የሚያርመው ነገር አይኖርም፣ የሚያመውም ነገር አብሮ ይጠፋል። ልጁ እንደ ዘመድ ሲያየው የኖረው ሰው የአባቱ አበዳሪ ሆኖ ነው የተገኘው። ስለዚህ «አጎቴ» ይሁን፣ «ሰይድ»ም እንዳለ ይቆይ።

ሌላ አባል፦
«ያባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» የሚለው ተረታችን እዚህ አይገባም? ለአማርኛ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል።

መልስ፦
መግባቱስ ይገባዋል፣ ችግሩ ነገሩን ያለሰልሰዋል። ተረቱ ዕዳን እንደ ተፈጥሮ ግዴታ ነው የሚያየው፣ እጅ አፍንጫን እንደሚጠርግ። እዚህ ግን አባትየው በሕይወት አለ፣ ውሉን የገባውም እሱ ነው፣ ለልጁም ምን እንደሆነ አልነገረውም። ጉርናህ ቤተሰብን የሚጽፈው እንዲህ ነው፤ ፍቅሩም ዕዳውም አንድ ቤት ውስጥ ያድራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን «በባሕሩ ዳር» ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፣ እዚያ ደግሞ የሚያዘው ቤት ነው። ከባሕሬን የሚመጣ ፋርሳዊ ነጋዴ አንዱን ቤተሰብ በቤቱ ዋስትና ያበድራል፣ ወረቀቱ ወደ ሌላ ሰው እጅ ይዞራል፣ ሁለት ቤተሰብ ለዕድሜ ልክ ይቆራረጣል። አንዴ ልጅ፣ አንዴ ቤት። ለዚህ ነው «ሬሃኒ»ን በቀላሉ አትለፏት የምለው፣ ሁለቱን መጻሕፍት የምታገናኘው እሷ ነች።

ሦስተኛ አባል፦
ነጋዴው ከተነሳ «ሙሲም» የሚለውንስ? እኔ «ወቅት» ብዬ ነበር ያለፍኩት።

መልስ፦
ወቅት ብቻ አይደለም፣ ነፋሱም አለበት፤ ሞንሱን የሚለው የወቅቱ ነፋስ ስም ራሱ ከዚሁ ከዓረብኛው «መውሲም» ነው የወጣው። በዛንዚባር ዳርቻ «ካስካዚ» ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፣ ከኅዳር ገደማ እስከ መጋቢት፣ ባለሸራ ጀልባዎችን ከዓረብና ከሕንድ ያመጣል። ከዚያ «ኩሲ» ከደቡብ ይነሳና ይመልሳቸዋል። ነጋዴዎቹ ነፋሱ እስኪዞር ወራት ይቀመጣሉ፤ ያበድራሉ፣ ይዛመዳሉ፣ አንዳንዱም የሰው ቤት አፍርሶ ይሄዳል። ዛሬም በስዋሂሊ ሰሜን «ካስካዚኒ»፣ ደቡብ «ኩሲኒ» ነው የሚባለው። ጉርናህ እ.ኤ.አ. በ1948 እዚያው ዛንዚባር ተወልዶ ከ1964ቱ አብዮት በኋላ በወጣትነቱ ወደ እንግሊዝ የሄደ ሰው ነው፣ የ2021 ኖቤል ተሸላሚ። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ እነዚህን ቃላት አልጣላቸውም፣ እኛም ልንጥላቸው አይገባም። «የነፋሱ ወራት» ብትል ያስኬዳል፤ የነፋሶቹን ስም ግን እንዳለ ጻፈው፣ አንባቢ ሁለት ሦስት ገጽ ሲሄድ ይለምደዋል።

ጠያቂዋ፦
«ወለድ አገድ»ን ወስጃለሁ። «አጎቴ»ንም ወደ ቦታው መለስኩት፣ አመሰግናለሁ።