ሲሮዲል ጫካ ነበረች ወይስ ሜዳ? በጌም ቤታችን የግድግዳ ካርታ ላይ የተነሣ ክርክር

አወያይ፦
እንደምታውቁት፣ ሐዋሳ ፒያሳ አጠገብ ባለው ጌም ቤታችን በግራ በኩል ያለው ባዶ ግድግዳ ላይ ዳገርፎል፣ ሬድጋርድ፣ ሞሮዊንድ፣ ኦብሊቪየንና ስካይሪም የሚገኙባቸው የኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ ጌሞች የሚካሄዱባትን ልብ ወለድ ምድር፣ የታምሪኤልን ካርታ በአማርኛ አሳትመን ለመስቀል መዋጮ ሰብስበናል። ካርታው የሚያገለግለው በዋናነት በ2014 (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ለወጣው ለኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን ተጫዋቾች ነው፤ መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩ ሲጨልም እንኳ ግድግዳው አይጠፋምና ለአዲስ ገቢዎች ይጠቅማል ብለን ነበር የጀመርነው። የቦታዎቹን ስም በፊደል የመጻፉ ሥራ ተጠናቋል። ሥራውን ያቆመው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ጌሙ ውስጥ የምንረግጠው ምድርና ተጫዋቾች ሎር የምንለው የዓለሙ የኋላ ታሪክ በሚጋጩበት ቦታ ሁሉ ካርታው ለማን ይዳኝ? ጠቡ በተለይ በመካከለኛዋ ግዛት በሲሮዲል ላይ ስለከረረ፣ እያንዳንዳችሁ ሐሳባችሁን በጽሑፍ እንድታስቀምጡ እጠይቃለሁ።

ጥቁር ውሃ፦
የእኔ አቋም አጭር ነው፤ ካርታ የሚሠራው ለሚሄድ ሰው ነው። ዛሬ ሲሮዲል ገብቶ ፈረሱን የሚጋልብ ተጫዋች የሚያየው ሣር የለበሰ ኮረብታ፣ አልፎ አልፎ ደን፣ በመካከሉም በሐይቅ የተከበበችውን የንጉሠ ነገሥቱን ከተማ ነው። ጥቅጥቅ ያለ የሞቃት አገር ጫካ የለም። ጫካ ነበረች የሚለው ቃል የመጣው በ1998 ሬድጋርድ ከተባለው ጌም ጋር ከወጣ አነስተኛ መመሪያ ነው፤ በ2006 ኦብሊቪየን ወጥቶ ግዛቲቱን ስናያት ግን ዛሬ እንደምናውቃት ሆና ተገኘች። አንድ ሰው በወረቀት ስለጻፈው ብቻ በዓይናችን የማናየውን ጫካ ብንሥል፣ እውነተኛዎቹ የካርታ ሠሪዎች የሠሩትን ስሕተት መድገማችን ነው። ጄምስ ሬነል በ1798 በምዕራብ አፍሪካ ካርታ ላይ የኮንግ ተራሮች የተባለ ሰንሰለት አስገባ፤ ፈረንሳዊው ቢንዤ በ1880ዎቹ መጨረሻ በቦታው አልፎ ተራራ የሚባል ነገር እንደሌለ እስኪያስረዳ ድረስ ወደ 90 ዓመት ገደማ ካርታ ሠሪው ሁሉ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ ሣለው። እኛ ደግሞ የሌለውን ጫካ ተክለን ልጆቹን እናሳስታለን ማለት ነው።

የታቦር ሥር፦
ወንድሜ ጥቁር ውሃ ያነሣው የኮንግ ተራሮች ምሳሌ የሚያስተምር ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ የተገባ አይደለም። ቢንዤ ሊሄድበት የሚችል፣ ከካርታው ውጭ ያለ እውነተኛ መሬት ነበረ። ታምሪኤል ግን ከተነገረላት ውጭ የለችም፤ ምድሩም ታሪኩም የአንድ ሠሪ ሥራዎች ናቸውና አንዱን «እውነት» ሌላውን «ወረቀት» ማለት አያስኬድም።

ደግሞስ የምንረግጠው ምድር ራሱ ምን ያህል ይታመናል? በ2011 የወጣው የስካይሪም ምድር ወደ 37 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። የሐዋሳ ሐይቃችን ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ዘጠኝ ግዛቶች፣ ነገሥታት፣ የእርስ በርስ ጦርነትና የበረዶ ሰንሰለት ያላት አገር አሞራ ገደል ቆመን በምናየው ውኃ ላይ ሁለት ጊዜ ተነጥፋ ቦታ ይተርፋል። በ1996 የወጣው ዳገርፎል በአንጻሩ የሁለት ግዛቶችን ከፊል ብቻ እያሳየ ስፋቱ ከ160 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ይነገራል። ያው ዓለም፣ ያው ሠሪ፣ ነገር ግን ልዩነቱ ከአራት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ምድሩ እንደ ቴአትር መድረክ መታየት አለበት፤ መድረክ ላይ ጦር ይዘው የወጡ ሦስት ሰዎች ሠራዊት እንደሆኑ የሚነግረን ድርሰቱ ነው እንጂ ቆጠራው አይደለም። ሲሮዲልንም ድርሰቱ እንደሚላት እንሣላት ባይ ነኝ።

መምህር፦
ጂኦግራፊ ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁ በመሆኔ ልጆቼ ይህን ጨዋታ ሲጫወቱ ከኋላ ቆሜ ካርታውን ማየት ልማዴ ሆኗል። ባለፈው ስንነጋገር ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ «መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨዋማ መሆን አለበት፣ ወንዝም ሁሉ ባሕር መግባት አለበት፤ ስለዚህ በካርታው ላይ እንዲህ ያልሆነውን እናርመው» ስትሉ ሰምቻለሁ። ይህን የተናገረ ሰው ሐዋሳ ተቀምጦ መናገሩ አስገርሞኛል። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቃችን ይገባል፤ ከሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፤ ይሁንና እንደ ሻላና እንደ አብያታ ጨዋማ አልሆነም፤ አምባዛውም ይመሰክራል። ባለሙያዎች ምክንያቱን ውኃው በከርሰ ምድር እየሰረገ በመውጣቱ ያስረዱታል። አዋሽም ቢሆን በአዳማ አቅራቢያ አልፎ፣ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የገዛ አገራችሁን ጂኦግራፊ «ስሕተት» የሚያሰኝ መለኪያ ይዛችሁ የሌላውን ዓለም አትፍረዱበት።

ከዚህ የተነሣ ሁለት ጥያቄዎችን እንድትለዩ እመክራለሁ። አንደኛው ካርታው ከእኛ ዓለም ተፈጥሮ ጋር ይስማማል ወይ የሚል ነው፤ ይህ በድግምት ተራራ በሚናወጥበት ዓለም ላይ ትልቅ ቦታ የለውም። ሁለተኛው ካርታው ራሱ ከተናገረው ጋር ይስማማል ወይ የሚል ነው፤ ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ አስጠነቅቃለሁ፤ የታቦር ሥር ከጠቀሳቸው ቁጥሮች በኋላ በካርታው ግርጌ የስኬል መስመር የሚያሰምር ሰው ካለ ተማሪዬ ነበር እንዳይለኝ።

ሌሊት ተጫዋች፦
መምህር የተናገሩትን በማክበር፣ እኔ ከሌላ ጌም ልምድ ልጨምር። በ2004 በወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ የጌሙን ዓለም አዜሮዝን አራት ዓመት ያህል ዞሬአታለሁ። በ2010 መጨረሻ ካታክሊዝም የተባለው ማስፋፊያ ሲመጣ አሮጌው ምድር ተሰነጠቀ፣ ከፊሉ ውኃ ዋጠው፣ መንደሮች ተቃጠሉ፤ ከዚያ በኋላ የገቡ ተጫዋቾች የቀድሞውን ምድር ያዩት በ2019 ክላሲክ የተባለው አገልግሎት ሲከፈት ነው። የትኛው ካርታ ትክክል ነበር ብሎ የተከራከረ አልነበረም፤ ሁለቱም የየዘመናቸው ነበሩ። በእኛም ጌም ቫርደንፌል ደሴት ላይ የቪቬክ ከተማ ገና በግንባታ ላይ ናት፤ ምክንያቱም ታሪኩ በሁለተኛው ዘመን 582 ላይ ስለሚሆን በ2002 በሞሮዊንድ ያየናትን ከተማ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። ስለዚህ ካርታችን ላይ ዘመኑን እንጻፍበት፤ ግጭቱ ሁሉ ይፈታል።

ጥቁር ውሃ፦
ሁሉም አይፈታም፤ እንዲያውም ሲሮዲልን ይብስ ያወሳስባታል። ጫካው ለምን ጠፋ ለሚለው ጥያቄ አፍቃርያነ ታሪክ የሚሰጡት የታወቀ መልስ ንጉሠ ነገሥቱ ታይበር ሴፕቲም አምላክነት ካገኘ በኋላ ለሠራዊቱ ሲል የግዛቲቱን ጠባይ ለወጠው የሚል ነው። መልካም። ነገር ግን እኛ የምንጫወትበት የሁለተኛው ዘመን 582 ታይበር ሴፕቲም ከመወለዱ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በሌሊት ተጫዋች መንገድ ዘመኑን ጽፈን በታሪኩ ብንዳኝ፣ ሲሮዲል በዚህ ዘመን ጫካ መሆን ነበረባት፤ ጌሙ ውስጥ ስንገባ ግን ሜዳ ናት። አሁን ታሪኩ ከምድሩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከራሱ ጋር ተጋጨ።

ሠሪዎቹ ይህ ሲገጥማቸው ምን እንዳደረጉ ተመልከቱ። ምድሩን አልቀየሩም። በጌሙ ውስጥ በሚነበብ አንድ ጽሑፍ፣ የኤሊንሂሩ ፍራስተስ የተባለ ሊቅ «ጫካ» የሚለው ቃል የገልባጭ ስሕተት ነው ማለቱን አስነገሩን። ሲጨንቃቸው ለምድሩ ፈረዱ፤ ታሪኩን አረሙ። እኛ ከባለቤቱ በላይ ለጫካው የምንቆረቆርበት ምክንያት አይታየኝም።

የታቦር ሥር፦
የዘመኑ ነጥብ ትክክል ነው፤ ያን እቀበላለሁ። የጽሑፉን ግማሽ ብቻ ማንበብህን ግን አልቀበልም። የገልባጭ ስሕተት ነው የሚለው ቃል የተጠቀሰው ሊነቀፍ ነው፤ ጽሑፉን የጻፈችው ሌላ ሊቅ በፍራስተስ አትስማማም፣ ጥንት ጫካ ነበረ ለማለትም ምክንያት አለኝ ትላለች። ሠሪዎቹ ፍርድ አልሰጡም፤ ሁለት ሊቃውንት አቁመው ወጡ። ዳገርፎልም ላይ እንዲሁ ነው፤ ጌሙ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ በርካታ መጨረሻዎች ነበሩት፣ ቀጣዩ ጌም ሲመጣ አንዱን መርጠው ሌላውን አልጣሉም፤ ጊዜ ተሰብሮ ሁሉም በአንድነት ሆነ አሉ።

እኛ ደግሞ ለዚህ እንግዳ አይደለንም። የአገራችን መተርጕማን አንድ ቃል ሁለት መንገድ ሲያስኬድ አንዱን ፍቀው አይጥሉም፤ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን ከጎኑ ያኖሩታል። ካርታችን የሚታየውን ምድር ይሣል፤ በኅዳጉ ግን «አንድም፣ ጥቅጥቅ ጫካ ነበረች» የሚል ይጻፍበት። ከጠየቅሁት ጫካ ወደ አንድ መስመር ጽሑፍ መውረዴን ልብ በሉልኝ።

ጥቁር ውሃ፦
ወርደሃል፤ አመሰግናለሁ። አንድምታን ግን እንዲህ በቀላሉ አትጥራው። የአንድምታ መምህር የሚናገረውን ከመምህሩ ተቀብሎ፣ እርሱም ከመምህሩ ተቀብሎ ነው፤ እያንዳንዱ «አንድም» ባለቤት አለው። የጌም ኩባንያ የሚያደርገው ሌላ ነው፦ የቀድሞው ደራሲ የጻፈውን አዲሱ ሠዓሊ ሳያነብ ይሥላል፣ ተጫዋቹ ሲጮህ ሦስተኛው ሠራተኛ መጣፊያ ጨርቅ ይዞ ይመጣል። ይህን ትርጓሜ አልለውም፤ ጥገና ነው። ጥገናን በጥገናነቱ ብንጽፈው አልቃወምም። «በ1998 እንዲህ ተባለ፣ በ2006 እንዲህ ታየ፣ በ2014 እንዲህ ተስተባበለ» ብሎ ዓመቱን ከነምንጩ የሚናገር ኅዳግ ከሆነ ድምፄን እሰጣለሁ።

መምህር፦
ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ኅዳግ ነው፤ ልዩነቱ በመነሻ ቃሉ ላይ ብቻ ቀርቷል። ዓመቱም ይጻፍ፣ «አንድም»ም ይጻፍ። እኔ የያዘኝ የርቀቱ ነገር ነው። ስኬል አይሰመር ብያለሁ፤ ነገር ግን ርቀት የማይነገርበት ካርታ ሥዕል ብቻ ነው። የገጠሩ ሰው ኪሎ ሜትር ሳያውቅ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይላችኋል፣ አይሳሳትምም። ከከተማ ከተማ በፈረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ለክታችሁ በመንገዱ ላይ ጻፉ፤ ይህ ምድሩንም አያዋሽም፣ ታሪኩ ስለ አገሩ ስፋት የሚናገረውንም አያስተባብልም።

አወያይ፦
የመምህርን ሐሳብ የተቃወመ ስለሌለ ተቀብለነዋል። ባነሩ 3 ሜትር በ2 ሜትር ነው፤ ከግርጌው 30 ሳንቲ ሜትር ለኅዳግ እተዋለሁ። የሲሮዲልን ኅዳግ ጥቁር ውሃና የታቦር ሥር በጋራ ጽፈው በአንድ ወረቀት ያምጡልኝ፤ ሁለት ወረቀት ከመጣ የማተሚያ ቤቱ ልጅ የፈለገውን ያትማል። የፈረሱን ደቂቃ የሚለካ ሰው እፈልጋለሁ።

ሌሊት ተጫዋች፦
እኔ እለካለሁ። የሁሉም ሰው ፈረስ ፍጥነት እኩል ስላልሆነ ግን በአዲስ ገጸ ባሕርይ፣ ምንም ሥልጠና ባልተሰጠው ፈረስ ልሂድበት፤ ካርታው የሚሰቀለው ለአዲስ ገቢ ነውና። እሑድ መብራት ካለ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እጀምራለሁ። በሲሮዲል ውስጥ የጠላት ቡድን አግኝቶ ከገደለኝ ያ ደቂቃ ይቆጠር አይቆጠር፣ እስከዚያ ወስኑልኝ።